«ሰው አለሽ?» ሳልመረቅ የቀረብኩባቸው አራት ኢንተርቪውዎች

ዘንድሮ ተመራቂ ከሆናችሁ፣ ወይም ቤታችሁ ውስጥ ተመራቂ ካለ፣ ይህችን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቧት። የመመረቂያ ዓመት ሲባል ለብዙው ሰው ትዝ የሚለው ጋዋን፣ ፎቶግራፍና ድግስ ነው። እኛን ተማሪዎቹን እንቅልፍ የሚነሳን ግን «ከዚያስ?» የምትለዋ ጥያቄ ናት። አክስት ትጠይቃለች፤ ጎረቤት ይጠይቃል፤ አከራይም ኪራይ ሊቀበል ሲመጣ «ልጅቷ መቼ ነው ሥራ የምትይዘው?» እያለ በዘወርዋራ ይጠይቃል።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ የአራተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ዲግሪውን ሳልይዝ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት አራት ቦታ ለኢንተርቪው ቀርቤያለሁ። የመሥሪያ ቤቶቹን ስም አልጠራም፤ ስማቸው ለእናንተ ምንም አይፈይድም። የሚጠቅማችሁ ውስጥ የሚጠየቀውና የሚባለው ነው።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን ኢንተርቪው የምንገባው እንደ ደጅ ጠኚ ነው። አንገታችንን ደፍተን፣ እጃችንን አጣምረን፣ «ብቻ ይቀበሉኝ እንጂ» እያልን። ዳሩ ግን ቃለ መጠይቅ ምጽዋት አይደለም፤ ገበያ ነው። ማስታወቂያውን ያወጡት ለእኛ አዝነው ሳይሆን ሠራተኛ ቸግሯቸው ነው። እነሱ እኛን እንደሚያዩን ሁሉ እኛም እነሱን ማየት አለብን። ይህን ይዞ የገባና ሳይዝ የገባ ሰው መልሳቸው አንድ አይሆንም።

«ውስጥ ሰው አለሽ?»

የመጀመሪያው ቦታ የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ድርጅት ነበር። የታክሲ ሰልፍ እንዳያስረፍደኝ ብዬ ቀደም ብዬ ደረስኩ። ኮሪደሩ ላይ አሥራ አንድ ሰው ተቀምጧል። ሁሉም ክላሰሩን ታቅፏል። ገና ከመቀመጤ አጠገቤ ያለው ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣

«ሰው አለሽ?» አለኝ።

«የምን ሰው?»

«ውስጥ ነዋ! ይኼ እኮ ለይስሙላ ነው፤ ቦታው ተይዟል።»

ይህቺ ወሬ የማትገኝበት ኮሪደር የለም። ሰምቶ የማይደነግጥም የለም። ከመካከላችን አንዷማ ወሬውን እንደሰማች ክላሰሯን አንስታ ውልቅ! ተራዋ ሳይደርስ ሄደች።

እውነት ነው፣ በዘመድ የሚያዝ ቦታ አለ። የለም ብል ትስቁብኛላችሁ። ነገር ግን ኮሪደር ላይ የተቀመጠ ሰው የትኛው ቦታ እንደተያዘ፣ የትኛው እንዳልተያዘ በምን ያውቃል? ተይዞ ከሆነ ምንም አይቀርብኝም፤ ቢያንስ በነጻ ተለማመድኩ። ካልተያዘ ደግሞ ያቺ ልጅ አንድ ተፎካካሪ ቀነሰችልኝ። ክፉው ነገር ቦታው መያዙ ሳይሆን፣ ተይዟል ብሎ አምኖ መግባቱ ነው። እንዲህ ብሎ የገባ ሰው ድምፁም ዓይኑም የተሸነፈ ይሆናል።

«እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን»

በየትኛውም ቦታ የመጀመሪያዋ ጥያቄ ይህቺ ናት። ከእኔ በፊት የገባው ልጅ ሲወጣ ምን እንደመለሰ ጠየቅነው። «ከትውልድ ቦታዬ ጀምሬ ገና ስምንተኛ ክፍል ስደርስ አቋረጡኝ» አለን። ሳቅን እንጂ አብዛኛው ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ወገኖቼ፣ ሲቪያችሁ እኮ ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል! የሚፈልጉት እዚያ ላይ የሌለውን ነው።

እኔ ያዘጋጀሁት አንድ ደቂቃ የማይሞላ መልስ ነበር። ቤት ውስጥ በስልኬ እየቀዳሁ ደጋግሜ አዳምጬዋለሁ። ምን እንደምማር በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በተግባር ልምምድ ጊዜ ምን እንደሠራሁ በሦስት፣ ለምን ወደነሱ እንደመጣሁ በአንድ። «ሁለት ወር አንድ ጅምላ አከፋፋይ ዘንድ ለልምምድ ወጥቼ ደረሰኝ ለይቻለሁ፤ የባንክ መግለጫውንም ከእነሱ መዝገብ ጋር አመሳክሬያለሁ» ስል የፋይናንስ ኃላፊው ከወንበራቸው ቀና አሉ።

«ስታመሳክሪ ልዩነት ብታገኚ ከየት ትጀምሪያለሽ?»

«አንድ ቀን የ1,800 ብር ልዩነት አጋጥሞኝ ነበር» አልኳቸው። «መጀመሪያ ለ9 አካፈልኩት፤ ያለ ቀሪ ተካፈለ። እንግዲያው ቁጥር ተገላብጦ ይሆናል ብዬ ስፈልግ 5,320 ብር የነበረው 3,520 ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት።»

ይህቺ ዘዴ ትልቅ ምሥጢር አይደለችም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ከተለዋወጡ ልዩነቱ ምንጊዜም ለ9 ይካፈላል፤ ሂሳብ የተማረ ያውቃታል። ነገር ግን «ታታሪ ነኝ፤ በቡድን መሥራት እወዳለሁ» ከሚለው የሁሉም ሰው መዝሙር ይልቅ አንዲት በእጅ የተሠራች ሥራ ሚዛን ትደፋለች። ከዚያ ወዲያ የተጠየቅኩት ሁሉ ስለ ሥራ ሆነ። «ማን ላከሽ?» ያለኝ የለም።

ስለዚህ ገና ልምምድ ያልወጣችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁና ወረቀት አስፈርማችሁ ብቻ አትመለሱ። የሠራችሁትን ከነቁጥሩ ደብተር ላይ ጻፉ። ኢንተርቪው ላይ የምትበሉት ያንን ስንቅ ነው።

«ቴምፖራሪሽ የታለ?»

መጨረሻው ምን ሆነ አትሉኝም? «ጎበዝ ነሽ፤ ቴምፖራሪሽን ይዘሽ ነይ» ተባልኩ። ሳይመረቁ ሥራ የመፈለግ ጣጣው ይኼ ነው። አንዳንድ ቦታማ ዲግሪ የሚጠይቀው ገና በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ነው!

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ኮርሱን ሁሉ ቢጨርስም በፈተናው 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪ የለም። ቀጣሪዎች ይህን ስለሚያውቁ «ብትወድቂስ?» ይላሉ። ጥያቄው አያስቀይማችሁ፤ መልስ ይዛችሁ ግቡ። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ «ፈተናው ሰኔ ላይ ነው፤ ውጤቱ በወጣ በማግሥቱ አመጣለሁ። እስከዚያ ይኸው ከሬጅስትራር የዘንድሮ ተመራቂ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ፤ ይኸው እስካሁን ያለው ግሬድ ሪፖርቴ።» ደብዳቤውን ኢንተርቪው ሳትጠሩ በፊት አስጽፋችሁ አስቀምጡት። በተጠራችሁ ማግሥት ሬጅስትራር ደጃፍ ብትሰለፉ ላይደርስላችሁ ይችላል።

ማስታወቂያ ስታነቡም «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የምትለውን ፈልጉ። ያቺ ለእኛ የተጻፈች ናት።

«ድክመትሽ ምንድን ነው?»

ሁለተኛው ቦታ ባንክ ነበር። መጀመሪያ በአዳራሽ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያ ላለፉት ቃለ መጠይቅ። ጠያቂዎቹ አራት ናቸው። በአማርኛ እየተነጋገርን ሳለ አንዷ ድንገት ወደ እንግሊዝኛ ዞሩ። ለዚህስ ተዘጋጅተናል። አራት ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ እንጽፋለን እንጂ አንናገረውም፤ ስለዚህ እኔና አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ማታ ማታ ሃያ ሃያ ደቂቃ እየተጠያየቅን ነበር የሰነበትነው። መጀመሪያ መሳቅ ብቻ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት አፋችን ተፈታ። ሰዋስው እንዳይበላሽ ብሎ ዝም ከማለት አጫጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ይሻላል።

ቀጥሎ «ድክመትሽ ምንድን ነው?» መጣች። «ሥራ ካልጨረስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም» የምትለውን መልስ ጠያቂዎቹ በቀን ሃያ ጊዜ ይሰሟታል። ይኼ ራስን ማሞገስ ነው፤ እነሱም ያውቁታል። እኔ «ብዙ ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ያንስ ነበር። ለዚህ ስል ዘንድሮ የቡድን ሥራችንን ሁሉ ክፍል ውስጥ የማቀርበው እኔ ነኝ። አሁን ይሰማ እንደሆነ እናንተ ፍረዱ» አልኳቸው። ሳቁ። እውነተኛ ድክመት ከነመድኃኒቱ ንገሯቸው። ግን የሥራውን ነፍስ የሚነካ ድክመት አታንሡ፤ ለገንዘብ ያዥነት ተወዳድሮ «ቁጥር ይምታታብኛል» ይባላል እንዴ!

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ ገንዘብ የሚነካ ሥራ ዋስ ይፈልጋል። ማን እንደሚዋሳችሁ ከወዲሁ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩ። ፈተናውን አልፎ በዋስ የሚንገላታ ስንት አለ መሰላችሁ!

ባንኩ «እንደውልልሻለን» አለኝ። እስከ ዛሬ አልደወለም። እኔም ስልክ ላይ አፍጥጬ አልተቀመጥኩም፤ ሌላ ቦታ አመለከትኩ።

«ማታ ደውይልኝ»

እህቶቼ፣ ይህቺን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ወንዶቹም አትዝለሏት፤ እህት አላችሁ።

ሦስተኛው ቦታ አነስ ያለ ቢሮ ነው። ሥራ አስኪያጁ ብቻውን ነበር የጠየቀኝ። አምስት ደቂቃ ስለ ሥራው፣ ቀሪው ስለ እኔ። «ጓደኛ አለሽ?» «ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?» «ቶሎ አግብተሽ የምትወልጂ ከሆነ ለእኛ አይሆነንም።» በመጨረሻ ካርዱን አወጣና «ማታ ደውይልኝ፤ እራት እየበላን ስለ ደመወዙ እንነጋገራለን» አለኝ።

«ስለ ሥራው ጥያቄ ካለ በቢሮ ሰዓት እመጣለሁ» ብዬ ተነሣሁ። ካርዱን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተውኩለት።

ይህን ስነግራቸው አንዳንድ ጓደኞቼ «ምናለበት፣ እራት ብቻ እኮ ነው» አሉኝ። እራት ብቻ አይደለም። ገና ሳይቀጥርሽ እንዲህ ያለ ሰው፣ ደመወዝሽን በእጁ ከያዘ በኋላ ምን እንደሚል ማሰብ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ይከለክላል። በፆታ ምክንያት ማበላለጥንም እንዲሁ። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ ያውም ከነደመወዙ። ሕግ የሰጠው መብት እንጂ አሠሪው የሚቸረው ውለታ አይደለም። ለዚያች የመውለድ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ «የተማርኩት ልሠራበት ነው» የሚል ብቻ ነበር። የግል ሕይወታችሁን የመዘርዘር ግዴታ የለባችሁም።

ጥንቃቄው ቀላል ነው። ኢንተርቪው ስትሄዱ ሕንፃውንና ፎቁን ጭምር ለአንድ ሰው ንገሩ። ከቢሮና ከቢሮ ሰዓት ውጪ ለሚደረግ ቀጠሮ አትሂዱ። ይህኛው ደግሞ ለወንዱም ለሴቱም ነው፦ «የፎርም»፣ «የሥልጠና»፣ «የዩኒፎርም» እያለ ገና ሳይቀጥር ገንዘብ የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ ሽሹ። በቴሌግራም ከሚለቀቁት ማስታወቂያዎች መካከል እንዲህ ያሉ አሉበት። ሥራ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም።

«ደመወዝ፦ በስምምነት»

አራተኛው አንድ የትራንስፖርት ድርጅት ነበር። የጠየቁኝ የሂሳብ ክፍሉ ኃላፊ፣ ቆፍጠን ያሉ ሴት ናቸው። ስለ ሥራው ብዙ ከጠየቁኝ በኋላ «ስንት ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።

ማስታወቂያ ሁሉ ላይ «በስምምነት» የምትል ቃል አለች። ስምምነት ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። «ድርጅቱ በሚከፍለው» ብሎ የሚመልስ ሰው ተስማማ አይባልም፤ የተሰጠውን ተቀበለ እንጂ። ቁጥር ከመጥራታችሁ በፊት በዚያው ሙያ ቀድመው የተቀጠሩ ልጆችን ጠይቁ። ትራንስፖርቱን፣ ምሳውን፣ ለቤት የሚሰጠውን ደምሩ። ከዚያ ጥቅል ደመወዝና እጅ የሚገባው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስታውሱ።

እስቲ ምሳሌ ልስጣችሁ። 10,000 ብር ጥቅል ደመወዝ ተባላችሁ እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው፤ በቀሪው ላይ የሚቆረጠው ግብር 1,650 ብር ይመጣል። የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ማለትም 700 ብር ነው። እጃችሁ የሚገባው 7,650 ብር! አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ለጡረታችሁ ይጨምራል። ስለዚህ «10,000» ሲሏችሁ ከመፈንደቃችሁ በፊት «ጥቅል ነው የተጣራ?» በሉ። እኔ እንዲህ ብዬ ስጠይቅ ኃላፊዋ ፈገግ ብለው «አንቺስ የሂሳብ ሰው ነሽ» አሉኝ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ሙከራ ጊዜ ነበር። «ስድስት ወር እናይሻለን» የሚሉ አሉ። አዋጁ ግን ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም ይላል፤ ያውም በጽሑፍ ሲሆን ነው። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ደመወዝ አይከፈለውም የሚባል ነገርም የለም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ የጽሑፍ መግለጫ መስጠት አለበት። ይህን ሁሉ በትሕትና መጠየቅ ይቻላል። በትሕትና ስለጠየቃችሁት የሚቆጣ መሥሪያ ቤት ካለ፣ ጠባዩን ሳትቀጠሩ አሳያችሁ ማለት ነው።

«ሰኞ ጀምሪ»

ከባዱ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኃላፊዋ «ወደንሻል፤ ሰኞ ጀምሪ» አሉኝ። ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜን ጨምሮ። ወሩ ግንቦት፣ የመውጫ ፈተናው ሰኔ!

እናቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ያሳደገችን እንጀራ ጋግራ ለሱቅ እያስረከበች ነው። ቤታችን ኪራይ ነው። አጎቴ ነገሩን ሲሰማ «ሥራ ተገኝቶ ይመረጣል እንዴ! ወረቀቱ ኋላም ይደርሳል» ብሎ ተቆጣ። አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ኪራዩ ሲጎድል የሚሞላልን እሱ ነው። የሚሞላላችሁ ሰው ሲቆጣ ደግሞ መልስ መስጠት ይከብዳል። በሌላ በኩል አምና አንድ ልጅ የሆነውን አውቃለሁ። እንዲሁ «ነገ ጀምር» ተብሎ ገባ፤ ማታ ደክሞት ሳያጠና ፈተናውን ወደቀ፤ ድርጅቱም «ዲግሪህን አምጣ» ብሎ አሰናበተው። ፈተናውን ደግሞ መውሰድ ይቻላል፤ ሥራው ግን አይጠብቅም።

ማታ እማዬን አማከርኳት። ሊጡን እያቦካች ሰማችኝና «አራት ዓመት የጠበቅሁ ሁለት ወር ያቅተኛል?» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

በማግሥቱ ሄጄ ለኃላፊዋ እንዲህ አልኳቸው፦ «ሥራውን እፈልገዋለሁ። ሙሉ ቀን መጀመር የምችለው ግን ከፈተናው በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ነው። እስከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ልመጣ እችላለሁ፤ የቀኑን ታስቡልኛላችሁ።»

«ከአንቺ ቀጥላ ያለችው ሰኞ ትጀምራለች እኮ» አሉኝ።

«አውቃለሁ» አልኩ። አፌ ደህና ተናገረ እንጂ ከጠረጴዛው ሥር እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዘጠኝ ቀን ስልኬ ጭጭ አለ። አጎቴም አብሮ ጭጭ አለ። በአሥረኛው ቀን ተጠራሁና ደብዳቤ ተሰጠኝ፤ የመውጫ ፈተናውን ካለፍኩ ከሐምሌ ጀምሮ እንደምቀጠር፣ ደመወዙና የሙከራ ጊዜው ተጽፎበታል። የቅዳሜዋን ሐሳብ አልተቀበሏትም። ግድ የለም፤ ለጥናት ሆነችኝ።

ባይደውሉስ ኖሮ? አጎቴ ይኼንኑ ጠይቆኛል። ባይደውሉ ፈተናዬን ተፈትኜ፣ ዲግሪዬን ይዤ እንደገና ኮሪደር ላይ እቀመጥ ነበር። ሁሉም ሰው እንደ እኔ ይወስን አልልም። ቤቱ ዛሬ የሚቀመስ የሌለው ሰው ሰኞ ቢጀምር ማን ይፈርድበታል? እሱም ቢሆን ግን ከመፈረሙ በፊት ለፈተናው ቀንና ለጥናት ጥቂት ቀን ፈቃድ ይጠይቅ፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያስገባው።

ስንብት

ኢንተርቪው ሲያልቅ «ጥያቄ አለሽ?» ይላሉ። «የለኝም» ብላችሁ አትውጡ። ቢያንስ ሦስቱን ጠይቁ፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምን ሥራ ነው የሚሰጠኝ? የምታዘዘው ለማን ነው? ውሳኔውን መቼ ታሳውቁኛላችሁ? እነዚህን የጠየቀ ሰው ለልመና እንዳልመጣ ያስታውቃል።

ኮሪደር ላይ «ሰው አለህ? ሰው አለሽ?» የሚል ካጋጠማችሁም «አለኝ፤ እኔው ራሴ ገብቼ እናገራለሁ» በሉት።

ለዘንድሮ ተመራቂዎች ሁሉ ፈተናውም ሥራውም ይቅናችሁ! እኔም ጥናት አለብኝ፤ በዚሁ ልሰናበት።